የፈላው የጉድጓድ ውሃ

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወይዘሮ ሙሉዬ ከሰበታ ገበያ ሲመለሱ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ የጎረቤታቸው የአቶ ዲኖ ልጅ ከድሩ ወረደ። አዲስ አበባ በጤና ላቦራቶሪ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ዘንቢላቸውን ተቀብሎ አብሯቸው አዘገመ። የልጅ ልጃቸው የየሺወርቅ ሆድ ቁርጠት እንዳልለቀቃት፣ ፊቷም እንደገረጣ ሲነግሩት ቆም አለ። ባለፈው ሳምንት ከጉድጓዳቸው ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ ወስዶ ነበር።

«እማማ፣ ውሃው ተመረመረ። እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ተገኘበት። ከበላይዎ ያለው ግቢ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ ዝቃጩን ሜዳ ላይ ይደፋል፤ ዝናቡ እያሰረገ ወደ ጉድጓድዎ ያወርደዋል።»

ወይዘሮ ሙሉዬ ከፋቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሟች ባለቤታቸው አቶ ጥሩሰው ናቸው፤ የዶማቸው ምልክት እስከ ዛሬ ከድንጋዩ አልጠፋም። ሊሞቱ ሲሉም የለመኑት ከዚያው አንድ ጉንጭ ነበር። ናፍቆት ሲበረታባቸው ወይዘሮ ሙሉዬ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ወደ ታች ያያሉ።

«ተማርኩ ብለህ የጥሩሰውን ውሃ መርዝ ልትለው ነው? ደግሞም እንደ ድሮው ጥሬውን የማጠጣት መሰለህ? አፍልታችሁ ጠጡ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁም? ሕመሙ ከጠናባት ወዲህማ ግማሹ እስኪጎድል ነው የማንተከትከው።»

ከድሩ አንገቱን ደፋ። ትምህርቱ ልክ እንደሆነ፣ ነፍስ ያለው ተባይ በእሳት እንደሚሞት፣ እርሳስ ግን ነፍስ እንደሌለው ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ፣ «ጨው የበዛበትን ወጥ አንተክትከው ቢያጎድሉት ጨዉ ይቀንስለታል?» አላቸው።

«ይብስበታል እንጂ» አሉ። ወዲያው ውሃው ሲጎድል እርሳሱ እንደሚብስ ገባቸው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«በገዛ እጄ ነዋ የመረዝኳት፣ ከድሩ።»

«ሊጠብቋት ብለው ነው፣ እማማ። አሁን ደግሞ አውቀው ይጠብቋታል።»

ሰው በአንድ ምክር ከዳነ ለሁሉም የሚበቃው ይመስለዋል፤ በሽታው ሲለወጥ ግን መጠንቀቂያውም ይለወጣል። ወይዘሮ ሙሉዬ በማግሥቱ ልጅቱን ሐኪም ቤት ወሰዱ። ከባትሪው ግቢ በላይ ካለው ምንጭ ማስቀዳት ጀመሩ። ጎረቤቱም ተሰብስቦ ማዘጋጃ ቤት አቤት አለ፤ ማቅለጫው ተዘጋ። ለገና የሺወርቅ ቁርጠቱ ለቋት፣ እንደ እኩዮቿ ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር።

አንድ ቀን የባለቤታቸው ወዳጅ ኦቦ ገርባ ከእርሻ ሲመለሱ ከጉድጓዱ ሊቀዱ ጎንበስ ቢሉ፣ በወፍራም ሳንቃ ተከድኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ወይዘሮ ሙሉዬ ውሃ የጠየቃቸውን ሰው መልሰው አያውቁም።

«ከዚህስ አልሰጥዎትም፣ ኦቦ ገርባ» አሉና የምንጩን ውሃ አቀረቡላቸው።

ሽማግሌው ሳንቃውን እያዩ፣ «ጥሩሰው ቢያይ ምን ይል ይሆን?» አሉ።

ወይዘሮ ሙሉዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሱ የቆፈረው፣ ልጅ እንዲያድግበት ነበር» አሉ። «እሱ ቢኖር ከእኔ ቀድሞ ይከድነው ነበር።»