ወደ ግራ የዞረ ስፌት

ባሕር ዳር፣ አባቷ አዳነ ግቢ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ምንትዋብ ጓሮ ተቀምጣ ለትንሽ ታንኳ የሚሆን ደንገል ታስራለች፣ ወላጅ እናቷ ትርንጎና የአባቷ ሚስት ወይንሸት በረንዳ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

ትርንጎ፦ አልኩሽ እኮ! ሻንጣዋን አውጪልኝ፣ የስድስት ሰዓቱ መኪና ሳያመልጠን።

ወይንሸት፦ ኧረ ትርንጎ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምሺ?

ትርንጎ፦ ውኃሽን ራስሽ ጠጪው! እግሯ ተሰብሮ ትምህርት ቤት መሄድ ቢያቅታት፣ እኔም ደብረ ማርቆስ ሥራዬ ላይ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሚጠብቃት ባጣ፣ አስተማሪ ናት ብዬ አንቺ ዘንድ ተውኳት። ይኸው ጀሶው ወለቀ፣ በእግሯ ቆመች። አለቀ!

ወይንሸት፦ እስከ እሁድ ብቻ። ታንኳዋን ሐይቁ ላይ ሳታንሳፍፍ ብትወስጃት ታለቅሳለች።

ትርንጎ፦ ደሞ ታንኳ! ቤት ውስጥ አስተምሪያት ስልሽ ጭቃ ታስቦኪያታለሽ፣ ደንገል ታሳስሪያታለሽ።

ወይንሸት፦ ማስተማሬ ነው እኮ። መጽሐፉ ውስጥ ደሴት ላይ ብቻቸውን የቀሩት ወንድምና እህት የሚሠሩትን ሁሉ እሷም ትሠራለች። እነሱ ምድጃ ሲሠሩ እሷም ሠራች። ያ እምቢ ያላት የሒሳብ ክፍልፋይ "አንድ እጅ ገለባ፣ ሦስት እጅ አፈር" ስትል ገባት።

ትርንጎ፦ የቱ መጽሐፍ?

ወይንሸት፦ ሽፋኑ የተገነጠለው። ከቦርሳዋ ነው ያገኘሁት።

ትርንጎ፦ የኔን መጽሐፍ! ልጅ ሆኜ ያነበብኩትን፣ ለሷም እያነበብኩ ያስተኛኋትን! ባልየውንስ ይሁን፣ መርቄ ሰጥቼሻለሁ። መጽሐፌንም?

ወይንሸት፦ አልሰጠሽኝም። ፈትተሽው ካበቃሽ በኋላ ነው ያገባሁት።

ትርንጎ፦ እሱን ማን ጠየቀሽ! እኔ ያነበብኩላትን አንቺ በእጇ አስጨበጥሻት። ከእንግዲህ ማንበቤን ማን ያስታውስልኛል?

ወይንሸት፦ ቀንተሻል።

ትርንጎ፦ አዎ ቀንቻለሁ! ምን ይጠበስ? ዛሬ ስገባ ስሜ ሳልጠግባት ከእቅፌ አምልጣ "ወይንዬ፣ ምድጃው ደረቀ!" እያለች ወዳንቺ ሮጠች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ መውለዴ!

ወይንሸት፦ ልጅ ናት እኮ። የሠራችው ነገር ሲያምርላት ለሁሉም ታሳያለች።

ትርንጎ፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ።

ወይንሸት፦ አሁን የገዛ ልጅሽን በውሻ መሰልሻት?

ትርንጎ፦ አፌን አታስከፍቺኝ! ልጅ ከፈለግሽ ወልደሽ እዪው!

ወይንሸት፦ አለመውለዴን እያወቅሽ!

ትርንጎ፦ ወይኔ! ወይንሸት፣ ሙቺ፣ እንዲያ ልልሽ አልነበረም።

ወይንሸት፦ ብለሻል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። እንቺ።

ትርንጎ፦ ምንድን ነው፣ ሙዳይ?

ወይንሸት፦ ልጆቹ የዓሣ ቅርጫት የሚሰፉበት ምዕራፍ ላይ የጀመረችው ነው። አገላብጠሽ እዪው።

ትርንጎ፦ ጎበዝ፣ አጥብቃዋለች። ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል እንጂ… ቆይ ቆይ። ስፌቱ ወደ ግራ ነው እንዴ የሚዞረው?

ወይንሸት፦ አንቺ በየትኛው እጅሽ ነው የምትሰፊው?

ትርንጎ፦ ግራኝ ነኝ እኔማ። እሷ ግን የምትጽፈውም የምትበላውም በቀኟ ነው።

ወይንሸት፦ ወስፌ ስትይዝ ግን በግራዋ። "እንዲህ አይደለም" እያልኩ ብተረትረው፣ በቀኟ ባስይዛት፣ ዞር ስል መልሳ በግራዋ። "እማዬ እንዲህ ነው የምትሰፋው" ትለኛለች። አንድ ቀንማ እልህ ይዞኝ እሳት ውስጥ ልጨምረው ነበር።

ትርንጎ፦ እኔ እኮ አስተምሬያት አላውቅም! ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ትል ነበር እንጂ።

ወይንሸት፦ እኔስ የማልቀና መሰለሽ? ስንቱን ነገር ቁጭ ብዬ አስተማርኳት፣ አንቺ ግን ሳታስተምሪያት እጇ ላይ ቀረሽ። በይ፣ ልብሷን አጣጥፌ ጨርሻለሁ፣ ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። ውሰጃት።

ትርንጎ፦ ታንኳው እሁድ በስንት ሰዓት ነው?

ወይንሸት፦ ከቅዳሴ መልስ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው አይቼ ነው የምሄደው። እዚህ እንደማድር ግን ለባልሽ አንቺው ንገሪው!