ጉልበት ይጨምራል የተባለው ገመድ

— ሄሎ... አቤት ጋሼ ከማለዲን! አዎ፣ ኤባ ነኝ... ደረሳችሁ?... ዮዲ፣ ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል፣ ለእማዬ ንገሪያት!... እ?... አልደረሳችሁም... ዮዲ፣ ተመለሺ። አልደረሱም።

— ቆመች ማለት... መንገዱ ተዘጋግቶ ነው ወይስ... ራሷ ቆመች። እሺ። የት ጋ?... ቃሊቲ ሳትገቡ፣ ከባድ መኪኖቹ የሚደረደሩበት ጋ። እሺ... ከመቆሟ በፊት ምን አደረገች?... አስነጠሳት። ስንት ጊዜ?... ልክ ነዎት፣ ለምን ይቆጥራሉ።

— ጋሼ፣ አሁን እኮ ለአራት አምስት ጉዳይ ነው። የናፍቆት አባት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው የምቀመጠው፣ ከዚያ እድር አለብኝ ብለዋል። እናትየዋ እንግዳ ይመጣል ብላ በስንት ልመና ነው ያስቀመጠቻቸው... ሌላ ቀንማ የለም! በሚቀጥለው እሁድ የዚያ የባለ ገልባጩ ሰውዬ ሽማግሌዎች ናቸው... አዎ፣ ተቀጥሮላቸዋል። ዛሬ ናፍቆትን ካልጠየቃችሁልኝ አለቀ።

— እኔማ እንዴት እመጣለሁ? እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ፣ ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይታይም ብለው ጠዋት ከመኪናው ያስወረዱኝ?... አይ፣ አልተቀየምኩም... የኔ ሥራ ስልክ ይዞ መቀመጥ ነው። ይዣለሁ። ተቀምጫለሁ።

— ታክሲ ያዙና ሂዱ በቃ... ለምን?... አማና ናት? ጋሼ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ እኮ! ጣሏት እያልኩ ነው!... አዎ... አውቃለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ አንድ ቀን ጥለው አልሄዱም። ዛሬ ግን አንድ ቀን ቢጥሉ... እሺ። ኮፈኑን ከፍተውታል። እሺ።

— ቀይ... አዎ፣ የካንዴላዎቹ ገመድ ነው። ትናንት አስቀየርኩት... አይ፣ የድሮው አልተበላሸም... ደህና ነበር... ደህና ከነበረማ... ጉልበት ይጨምራል ተባልኩ ጋሼ! ሦስታችሁን ጭና ዳገት ላይ እንዳታዋርደን ብዬ ነው... ሻጩ ነዋ ያለኝ። ቀዩ እሳቱን አብዝቶ ነው ለካንዴላው የሚያደርሰው አለኝ... እ... ገመድ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። እሺ። ትናንት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር... አዎ። አልጠየቅኩዎትም።

— አንዱ ቀልጧል?... ረዝሞ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ... የድሮዎቹማ ቆራሌው ወሰዳቸው። ዛሬ ጠዋት... ዮዲ! ቆራሌው በየት በኩል ሄደ?... ከሄደ ቆየ ትላለች።

— ቆይ ቆይ፣ ሦስቱን እንዳይነኳቸው! አንዱን ብቻ... ነቀሏቸው። አራቱንም... ታዲያ የትኛው የየትኛው ካንዴላ እንደነበር... አዎ፣ ሁሉም ቀይ ነው፣ በምን ይለያል። የድሮዎቹ ላይ ቁጥር ተጽፎ ነበር... ቁጥሩም ቆራሌው ጋ ነው፣ አዎ።

— ጋሽ ጉዲሳስ ምን ይላሉ?... ኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ይተኙ... ጋሽ ቢራስ?... ጋቢያቸውን ግሪስ ነካው። ገልብጠው ይልበሱታ... በሁለቱም በኩል። እሺ።

— ሄሎ? ጋሼ፣ ይሰማዎታል? ከባድ መኪና አለፈ መሰለኝ... አዎ፣ አሁን ሰማሁ... ሰው ቆመላችሁ! ዮዲ፣ ሰው ቆሞላቸዋል!... መጎተቻ ገመድም አላቸው? ይባረኩ! ለእኝህ ሰውዬማ... በምንድን ነው የመጡት?... ሰማያዊ ፒክአፕ... የኋላ መዝጊያው በሽቦ የታሰረ?... ጋሼ። ሰውዬው የሰሌን ኮፍያ አድርገዋል?... ቀኝ እግራቸውን ሳብ ያደርጋሉ?... ኧረ የኔ ጌታ።

— ጋሼ፣ አሁን የምልዎትን ፊትዎን ሳይቀይሩ ይስሙኝ። እሳቸው ናቸው... የናፍቆት አባት ናቸዋ! ጋሽ ሮሪሳ!... አራት ሰዓት አልፏላ! ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ወደ እድራቸው እየሄዱ ነው!

— ይንገሯቸዋ! ወደ እርስዎ ቤት ነበር የምንመጣው ይበሏቸው!... ጋሽ ቢራ ምን አሉ?... የሰው ልጅ መንገድ ላይ አይጠየቅም። ቤት ተገብቶ፣ ቆሞ ነው... አውቃለሁ ጋሼ፣ ግን ሰውየው እኮ ፊታችሁ... በገመድ እየተጎተቱ መጠየቅማ ጭራሽ ስድብ ነው። እሺ... እሺ፣ ቤትዎ ይውሰዱንና ውኃ እንጠጣ ይበሏቸው... ውኃ ሰጧችሁ። በጠርሙስ። አዎ፣ ደግ ናቸው ይባላል።

— ወዴት ነው የሚጎትቷችሁ ግን?... አቃቂ በሰቃ? ጋራዥ ያለው ወዳጅ አላቸው... ጋሼ፣ በሰቃ እኮ ወደ ኋላ ነው! ከቤታቸው እየራቃችሁ ነው የምትሄዱት!... ደግነታቸውን መቼ ካድኩ!

— ለማን?... እንዳይሰጧቸው! ጋሼ፣ ስልኩን እንዳይ...

— ...ጤና ይስጥልኝ አባቴ። እንደምን አደሩ... አዎ፣ የመኪናዋ ባለቤት ነኝ... እግዜር ይስጥልን፣ መንገድ ላይ የወደቁትን ስላነሱልን... ቀዩን... እኔ ነኝ ያስገባሁት... ጉልበት ይጨምራል ተብዬ... አልጨመረም፣ አዎ... ደህናውን ነቅሎ ለቆራሌ የሰጠ ደንቆሮ... እኔው ነኝ አባቴ።

— ስሜ?... ስሜማ... ስልኩ እየተቆራረጠ ነው አባቴ፣ በደንብ አይሰማም... አሁን ይሰማል፣ አዎ።

— እርስዎንም ከእድር አስረፈድንዎት... ቀድሞም አርፍደው ነበር?... እንግዳ ሲጠብቁ... ሳይመጡ ቀሩ... ለልጅዎ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠርጥረዋል... አይ! እኔ በየት አውቃቸዋለሁ!... ምናልባት መንገድ ላይ ችግር ገጥሟቸው... አዎ። ችግር ያለበት ሰው ይደውላል። ልክ ነው።

— የሚቀጥለው እሁድ የሚመጡት... እነሱ ሰዓት ያከብራሉ ይላሉ... ገልባጭ ያለው። ጥሩ ነው... አይ አባቴ፣ እኔ ምን ብዬ እመክርዎታለሁ። የራስዎ ልጅ ናት፣ ከባድ ነገር ነው... እኔን ከጠየቁኝማ... እ... ዮዲ፣ ዝም በይ!... ይቅርታ፣ እህቴ ናት... አይ፣ ምንም አልሆነችም፣ እያለቀሰች ነው።

— አዎ፣ እየሰማሁ ነው... ለልጅ ጥያቄ እንኳ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው... ልጅ ይሰጠዋል ወይ?... አዎ... አባቴ፣ እንደ ልጅዎ ነው የጠየቁኝ፣ እሺ... አዎ...

— አይሰጠውም።

— ሄሎ?... አባቴ?... ሄሎ?