ሐኪሙን ከመጥራትሽ በፊት

ሄሎ… ሄሎ? አዎ፣ ሎይዳ ነኝ። — ጀርሊን! ምነው ድምፅሽ? የነርስነት ፈቃድ ፈተናው ነገ አይደል እንዴ?

… "አልቀርብም" ማለት ምን ማለት ነው?

— ቆይ፣ አታልቅሺ። ሁለቴ መውደቅ ነውር አይደለም። — አውቃለሁ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው። አሁን ካላለፍሽ እዚህ ሊቀጥርሽ የሚጠብቀው ሆስፒታል ቦታውን ለሌላ ነርስ ይሰጣል፤ ልጅሽም እዚያው አገር ቤት፣ ኢሎኢሎ አያቷ ጋ ትቀራለች። ለዚህ እኮ ነው የምትቀርቢው!

እማ፣ ሩዙ ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ታገሺ! — እናቴ ነች። የስኳር መርፌዋን ተወግታ ምሳ እየጠበቀች ነው።

እና… የላክሽልኝን መለማመጃ አየሁት። አንቺ እኮ ዕውቀት አይደለም የጎደለሽ። ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት በጀርባው ተንጋሏል፤ "መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" ይላል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ የሚል ምርጫ እያለ፣ "ለሐኪሙ እደውላለሁ" አልሽ። የሚቀጥለውም ሐኪም። ከሃያው ጥያቄ አሥራ አንዱ ላይ ሐኪም ጠርተሻል። ሐኪሙ ምሳ አይበላም እንዴ?

— ጎሽ፣ ሳቂ።

— እሱማ ልክ ነሽ። እኛ አገር ሐኪሙን ሳታስፈቅጂ ትራስ ብታነሺ ጉድ ይፈላል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ የወደቅኩት በዚሁ ነው። የፈተናው ሆስፒታል ግን ሌላ ነው፤ ሰው አይጎድልበት፣ ዕቃ አይጠፋበት፣ በሽተኛውም ያው ፊትሽ ያለው ብቻ። የመጨረሻዋን መስመር አስቀድመሽ አንብቢ፣ ምን እንደተጠየቅሽ እወቂ። ከዚያ "እጄ አሁን ምን ሊያደርግለት ይችላል?" በይ። የሚችለው ካለ፣ መልሱ እሱ ነው። ከሌለ ነው ስልክ የምታነሺው።

— ማን፣ አንቺ ነሽ የማትችዪው? ያ አውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ያንን ሕፃን ስድስት ሰዓት ሙሉ የአየር መስጫውን ፊኛ በእጅሽ እየጨመቅሽ ያቆየሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ እንዳንቺ ያለ እጅ አላየሁም። እውነቴን ነው፣ እቀናብሻለሁ።

… እማ? እማ፣ ምን ሆንሽ? — ቆዪኝ ጀርሊን።

ላብ በላብ ሆናለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። እማ፣ እኔ ማነኝ? … በእህቴ ስም ጠራችኝ። ጀርሊን፣ ልዝጋውና አምቡላንስ ልጥራ —

ምን? ስኳሯ ወርዶ ነው? — አዎ፣ ነቅታለች። — ትውጣለች፣ አሁን ምራቋን ዋጠች። — የስኳር መለኪያው የት እንደገባ… መሳቢያው ውስጥም የለም… — እሺ። መለኪያውን ልተወው። ጭማቂ። ግማሽ ብርጭቆ፣ እሺ። ቀና አድርጌያታለሁ። ጠጪ እማዬ። ቀስ… ቀስ…

አለሽ አይደል? እንዳትዘጊብኝ።

…

— ምን? አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላ? አንቺ ስትቆጥሪ ነበር? — መለኪያውን አግኝቼዋለሁ፣ ከትራሷ ሥር ነበር። ቆይ ልየው… ስኳሯ ተመልሷል። ተመልሷል፣ ጀርሊን። — አዎ፣ ሩዙን አሁኑኑ አበላታለሁ። "ምን ያስለቅስሻል?" ትለኛለች ደግሞ፣ እሷ ብሎ ጠያቂ!

የራስ እናት ስትሆን ሠላሳ ዓመቱም ገደል ይገባል ለካ።

… ጀርሊን፣ ትሰሚኛለሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅድም እኔ ስርበተበት፣ "ትውጣለች ወይ?" ያልሽኝ ማንን አስፈቅደሽ ነው?



ሐኪም ነበር እንዴ አጠገብሽ?

— እንግዲህ ነገም እንደሱ ነው። ጠዋት በርሽ ላይ ነኝ፣ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም እኔ ነኝ የምወስድሽ። — አይ፣ አመሰግናለሁ የምለውስ እኔ ነኝ።

ምን አልሽ እማ? — እናቴ ነች፣ ስልኩ ላይ ያለችው ሐኪም ማናት እያለች ነው።

ሐኪም አይደለችም፣ እማ። ነርስ ናት።

… ሰማሽ አይደል? በይ ቻው።