ገጽ ሠላሳ ላይ ያለችው ጃንጥላ

ነይ ዙልማዬ፣ ተቀመጪ። ጉልበትሽ እንዴት አደረ? ሰማዩ ሲጠቁር ይብስበታል፤ የኔም ወገብ እንደዚያው ነው። ወንዙ ሞልቶ ታችኛው መንገድ ድረስ መጥቷል አሉ። ዝናቡ ከመጣ ቤት ገብተን ቂጣ እንጠብሳለን፣ ሌላ ምን ሥራ አለን… እንኪ የማቴ ሻይ። በመምጠጫው ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ ውሃው ፈልቷል።

ስንት መጽሐፍ አመጣሽ? አራት? ሁለት ትወስጃለሽ እንግዲህ። ይህ ጠረጴዛ ከእናቴ ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው፤ ያነበብሽውን ሁለት ታመጪያለሽ፣ ያላነበብሽውን አንድ ትወስጃለሽ። አይ፣ የነርሷን ታሪክማ አንብበሽዋል፤ ይኸው ገጽ አሥር ላይ ምልክትሽን፣ ክቧን አድርገሻል። ይሄ ደግሞ የዋልደማር ዓሣ ነው። ሽማግሌው የፍቅር ልብ ወለድ አላነብም እያለ ይምላል፣ ዓሣው ግን ያልገባበት የለም። ምልክት ባናደርግማ አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ነበር የምንወስደው፤ ሽፋኑ ላይ እንደሆነ ሁሉም ሲሳሳሙ ነው።

ማን? ከኋላሽ ያለችው? እኔ ምኑን አውቄ። እንግዳ ናት። በዚህ ደመና ጥቁር መነጽር ያደረገች ሰው መቼም ዓይኗን አሟት ይሆናል። ተያት፣ ታገላብጥ። ከመጣች ሰዓት ሊሞላት ነው። አንዱን ትከፍትና ገጽ ሠላሳን ብቻ አይታ ወይ ትመልሰዋለች ወይ ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች። ስድስት ሆነውላታል። ፈጣን አንባቢ ናት።

ድምፄ? ለጆሮሽ ብዬ እኮ ነው ከፍ ያደረግሁት። ደህና ትሰሚያለሽ? እንግዲያው ለማንኛውም ይሁን።

ወሬማ ምን አለ… ዓርብ ዕለት ሬዲዮ ሰማሽ? የከተማችንን ትልቅ ሴት ደራሲ አቅርበዋቸው ነበር። ዛሬ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይሸለማሉ። ደስ አይልም? ስለ ሴትና ሴት ፍቅር እንደሳቸው የጻፈ የለም አለ ጋዜጠኛው፤ እኔም አልከራከርም። ምን እያነበቡ እንዳደጉ ሲጠይቃቸው፣ «ቤታችን መጽሐፍ አልነበረም፤ በከተማችን በሳልቶ የሚያነብ ሰውም አላጋጠመኝም። ሴት ሴትን ስትወድ መጀመሪያ ያነበብሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ፓሪስ ነው» አሉ። እነዚህን የኛን ቀጫጭን ልብ ወለዶች ሲያነሳባቸው ደግሞ ሳቅ አሉ። በእጃቸው ነክተዋቸው አያውቁም። እንደዚያ ንጹሕ እጅ ይዞ ማርጀት መታደል ነው። የሚያነብ ሰው ሲጠፋ እኛ ግን ያኔ የት ሄደን ነው ዙልማ?

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ትዝ ካለችሽ። እኩያዬ ናት፣ ሁለታችንም ሃያ ልንሞላ ነበር። በየእሑዱ መጥታ ከረጢት ሙሉ ትወስዳለች። የሷ ምልክት ገጽ ሠላሳ ላይ ትንሽ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላዋ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እርሳስ ይዛ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የወንዱን ስም ትሰርዝና የሴት ስም ትጽፍበታለች። ባለ ከብቱ የለ፣ ሐኪሙ የለ፣ የመርከቡ አዛዥ የለ፤ ሁሉም አንዲት ሴት ሆኑ። ደንበኛ ሲያማርር ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርሁ። የማንን ስም እንደምትጽፍ… ተይው። ኔልባ የሚባል ሰው በዚህ ከተማ ስንት አለ? እኔ ከራሴ በቀር አላውቅም።

በኋላ የራሷን ደብተር መጻፍ ጀመረች። ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር እኔ ቤት መጥታ ታነብልኛለች። ከዚያ መሄዷን ትታ እዚያው ኖረች፣ ስድስት ዓመት። ከዚያ ደግሞ ለትምህርት ባሕር ተሻገረች። የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ደህና ቦታ ይሆናል።

የደራሲዋንማ አዲስ መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ እንዴታ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። የነርሷን በአንድ ቀን ነው የምጨርሰው፤ ትልቅ መጽሐፍ ግን ለአንባቢው እንቅልፍ ያስባል። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በካውያ የተተኮሰ ነው፣ አንዲት ሽብሽብ አታገኚበትም። ሶላንዥ የምትባል ፍቅረኛ አለችበት፣ ፈረንሳያዊት። እንዴት ያለች ሴት መሰለችሽ። እኔ ያኔ እሠራበት እንደነበረው ያለ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ትሠራለች፤ ታጥባም እጇ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ፓሪስ ብርቱካን ይበቅላል እንዴ? የተማረ ሰው ከጻፈው ይበቅላል ማለት ነው። ግራ ባቷ ላይ ደግሞ ውሻ የነከሳት ጠባሳ አላት። ይቺን የኔን እያት፤ የዋልደማር ውሻ ሲነክሰኝ በጨው ውሃ ያጠብሽልኝ አንቺ ነሽ። የፓሪስ ውሻም እዚያችው ላይ ነው የሚነክሰው።

ቅር ብሎኝ እንዳይመስልሽ… ብሎኛል እንጂ፣ ምን እዋሻለሁ። ያቺ ልጅ ባየችው መጽሐፍ ሁሉ ስሜን ስትጽፍ ኖረች፤ እሳቸው ደግሞ እኔኑ ራሴን ወስደው የሌላ ሰው ስም ጻፉብኝ። ለዛሬው ሽልማት ቀሚሴን ተኩሼ ሰቅዬው ነበር። ከዚያ መድረክ ላይ ስሜን አንድ ጊዜ ቢጠሩት ሌላ አልፈልግም ነበር።

አቤት እመቤቴ? ስድስቱን በገንዘብ? በገንዘብ አንሰጥም። ለስድስት አሥራ ሁለት ያመጣሉ። ቦርሳዎት ውስጥ ያለው ምንድን ነው… የሬዲዮዋ ደራሲ መጽሐፍ? አዲስ ነው፣ ማንም አልገለጠውም። ጥሩ፣ እሱም ይቆጠራል፤ የነርሷን ግማሽ ያወጣል። ሊሄዱ ነው? መጽሐፎቹን እዚያው ይተዉአቸው፣ እኔ አስቀምጣቸዋለሁ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ።

እንዲያው ዙልማዬ፣ ሰው ሲሸለም መመረቅ ደግ ነው። እግዜር ለደራሲያችን ረጅም ዕድሜ ይስጣት። በወረቀት የፈጠረቻትን ሶላንዥን አያሳጣት። ሲያማት ሾርባዋን ሶላንዥ ታብርድላት፤ ትራሷን ሶላንዥ ታስተካክልላት። ዓይኗ ሲደክም ሶላንዥ ታንብብላት። አርጅታ ቤቷ ስትገባ «መጣሽ?» ብላ የምትቀበላት ሶላንዥ ትሁን። አሜን በይ እንጂ ዙልማ… አሜን በይ።