እንደ እሷ መቆም

ጋሽ ሲብረን፣ ይቀመጡ። ዛሬ በስንብትዎ ቀን እንኳ ይቀመጡ!

መጀመሪያ ወደ ሙዚየማችን የመጡ ቀን፣ የእንግዶችን ኮት ከምቀበልበት ክፍሌ ብቅ ብል አንድ ዝናብ ያበሰበሰው ረጅም ሰውዬ ከእርሳስ ሥዕሎቹ ፊት ጎብጦ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ደርቆ ቆሟል። ወንበር ይዤ ሮጥኩ።

«ወገብዎን ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ! እሷ ምን እንደተሰማት ልይ ብዬ ነው።»

እሷ ያሏት በሥዕሉ ላይ ባልዲዋን መሬት ያስቀመጠችውን ሴት ነው። አዲሱ አስጎብኚ ወፈፍ ያደርገዋል የሚለው ወሬ ከምሳ በፊት ሕንጻውን አዳረሰ።

ዛሬ ፊታችን የጠቆረው እርስዎ ስለሚሄዱ ብቻ አይደለም። የሐሙስ ጉብኝትዎን የሚመራ ስለጠፋ የእሷም ሥዕል ወደ መጋዘን መሳቢያ ሊመለስ ነው።

በእርስዎ ዘመንማ እንደ እሷ ቆሞ ያላጎነበሰ ጎብኚ ጥቂት ነው። የዶርድሬክት ከተማን ባንክ ሠራተኞች ከነከረባታቸው አስጎንብሰዋቸዋል! ማሞቂያው ላይ የሚያሰጡት እርጥብ ካልሲስ? ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ቴርሆርስት ለእንግዶች «የጥንት ወረቀት ሽታ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የእርስዎና የእሳቸው ክርክርም ይናፍቀናል።

«ሠዓሊው እጇን ጨርሶ ፊቷን የተወው ጊዜ አጥሮት ነው» ይላሉ እሳቸው።

«የለም እመቤቴ! ያኔ አገሩ የቀጠረው እጇን ነው፤ ፊቷን ማን ጠየቀ?»

«ይህ ወረቀቱ ላይ የለም!»

«ባዶው ቦታ አለ እኮ!»

አንድ ሐሙስ ግን ጎብኚው ሁሉ አፍሮ እምቢ ሲል እርስዎ እኔን ጠሩኝ። «ዊልሚን፣ እስቲ አንቺ ቁሚላት።» ቆምኩ።

«ምን ተሰማሽ?»

«እያረፍኩ አይመስለኝም፤ እግሬ ሊሄድ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ «ኮት ክፍል ያለችው ዊልሚን እንደምትለው፣ ይህች ሴት ልትሄድ ነው» ይሉ ነበር። ከሥዕሉ ሥር «ገረድ» ብቻ ተብሎ በተጻፈበት ክፍል ውስጥ የእኔ ስም ሲጠራ፣ ከኮቶቹ መሃል ሆኜ እሰማ ነበር። አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ሲብረን።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ቴርሆርስት ቢሮ ገብቼ «ሐሙስን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«አንቺ? ሰው ፊት?»

«ከሰዓት ጋሽ ሲብረንን ስሸኝ ይስሙኝና ይወስኑ።»

እንግዲህ ሰምተውኛል። ምን ይላሉ፣ እመቤቴ? ... «ሐሙስ እንዳታረፍጂ»? ሰማችሁ አይደል!

በሉ የጄኔቨር አረቄ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለጋሽ ሲብረን ጉልበት! ዕድሜና ደረቅ ካልሲ ይስጥዎ። ሐሙስ ይምጡ፤ ኮትዎን እቀበላለሁ።

ወንበር ግን አላመጣም። ይቆሙላታል።