የሸጋው አራት ደቂቃ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ለእኔ ለሙስሊሙ ከፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አላህ ያክብራችሁ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከኡም ሰላል መሐመድ ሰፈር ድረስ በአንድ መኪና ተጠቅጥቃችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ ፈጣሪ ያጽናን። የሸጋው እናት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እዚህ ወንበር ላይ ባስቀመጥነው ስልክ ከዳባት ሆነው እየሰሙን ነው። እማማ፣ እርስዎ ማክሰኞ ልጅዎን በክብር አሳርፈዋል። እኛ እዚህ ዶሃ መቃብሩ የለንም። ያለን ይቺ ፎቶውና ይሄ ወንበር ነው። እግዜር ያጽናዎት።

ሰዓት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ዓርብ ነው፣ ቅዳሴው አልቋል፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የግማሻችሁ ማዳም መደወል ትጀምራለች። ስለዚህ አላንዛዛም። ማንዛዛት የሸጋው ሥራ ነበር። የእኔ ሥራ መቁረጥ ነው።

ስሜ ሙስጠፋ ነው። ናጅማ ሰፈር፣ ከጸጉር ቤቱ በላይ፣ ስቱዲዮ አለኝ። የስንቶቻችሁን ሰርግ፣ የስንቶቻችሁን ልጅ ክርስትና የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የሸጋውን ፊልም የቆረጠው ሰውዬ ማነው እያላችሁ ስታሙ የነበራችሁም ካላችሁ፣ እሱም እኔ ነኝ።

ለቅሶ ላይ እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ዛሬ እፎይ ብዬ ነው የቆምኩት። አልቅሻለሁ፣ ዓይኔን እዩት። ቢሆንም እፎይ ብያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሸጋው ዘለቀ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ትምህርት ቤት አመላለሰ። ዓርብ ዓርብ ግን ዳይሬክተር ነበር። «ቆማ ዋለች» የሚል ፊልም ጻፈ። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት እንደ እናንተ ሰው ቤት የምትሠራ ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትቀመጥም። ታበስላለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ልጅ ታባብላለች፣ ቆማ ትበላለች። መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው።

ውል ነበረን፣ አንድ ገጽ። ካሜራው የእኔ፣ መብራቱ የእኔ፣ አዳራሹን የምከራየው እኔ። ሦስተኛው መስመር ላይ «የመጨረሻው ኤዲት የስቱዲዮው ነው» ይላል። ሸጋው ሳያነብ ፈረመ። ኋላ ተጣልተን «ለምን አላነበብክም?» ስለው፣ «ወንድሜ ነህ ብዬ» አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እስቲ ወደዚያች ዓርብ ልውሰዳችሁ። ኡም ሰላል መሐመድ ነን፣ ሸጋው የሚሠራበት ግቢ። ባባና ማዳም፣ አሠሪዎቹ፣ ከነልጆቻቸው እርሻቸው ሄደዋል። ማዳም የውጭውን ወጥ ቤት ፈቅዳልናለች። «ቤቱን ብቻ እንዳታሳዩ» ነው ያለችው። ቤዛዊትን ታስታውሷታላችሁ? ጎረቤት ግቢ ትሠራ የነበረችው ቀጭኗ ልጅ። የፊልሙ ሴትዮ እሷ ናት። ኮንትራቷ አልቆ በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻ ዓርባችን ነበር። አሠሪዎቿ ደግሞ ሐሙስ ሰርግ ነበረባቸው። ልጅቷ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ጎኗ መሬት አልነካም።

ሸጋው የፕላስቲክ ወንበር አቀረበላትና «ቤዚ፣ ተቀመጪ» አላት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። እኔ ካሜራው ላይ ነኝ። «ሸጋው፣ ያላ፣ ኸላስ፣ በቃ» አልኩት በሹክሹክታ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጭንቅላቷ ወደ ግድግዳው ዘመም አለ። እኔ ትወና መስሎኛል፣ እንዲያውም በልቤ «ጎበዝ» እያልኳት ነው። ለካስ ልጅቷ ተኝታለች። የምር እንቅልፍ ወስዷታል። «ተበላሸ፣ እንድገመው» ልል አፌን ስከፍት ሸጋው ክንዴን ጨበጠኝ። እስካሁን ያመኛል። አራት ደቂቃ ሲሞላ ካሜራውን ራሱ አጠፋ። መብራቱንም አጠፋ። ይዞኝ ወጣና ደጅ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አርባ ደቂቃ ቆመን ጠበቅናት። «ቀስቅሳትና ዕቃችንን እናውጣ» ብለው ምን አለኝ? «ይቺ ልጅ እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ሰው ሳይጠራት ነቅታ አታውቅም። ዛሬ ራሷ ትንቃ።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ናጅማ ገብቼ አራቱን ደቂቃ ዘጠኝ ሰከንድ አደረግኋት። ከዚያ ሌላ ልጅ ከጀርባዋ ቀርጬ፣ ሻንጣ አስጎትቼ፣ ዘፈን ለጥፌ፣ ሴትዮዋን አገሯ አስገባኋት። «ሰው ፊልሙ የተበላሸ ይመስለዋል» አልኩት። «ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲከፋው ከርሞ ዓርብ መጥቶ ደግሞ የደከመች ሴት ይይ?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ይውጣ ብዬ ነበር። በዚህ ዛሬም ብትመጡብኝ እከራከራለሁ።

አዳራሹ ሞላ። ተጨበጨበ። ሸጋው ግን መሀል ላይ ተነስቶ ወጣ። መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘሁት። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንቅልፏን ቀሰቀስካት» አለኝ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ተኳረፍን። ኩርፊያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አባቴ አገር ቤት ሐይቅ ከተማ ሲሞቱ ሸጋው ከሁሉ ቀድሞ እዚህ ቤቴ መጣ። ሦስት ቀን ምንጣፌ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ አቀረበ፣ እንግዳ ሸኘ። ስለ ፊልሙ ትንፍሽ አላለም። ሦስተኛው ቀን ሊወጣ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ቀና አለና «አራቱን ደቂቃ መልስ» አለኝ። ወላሂ፣ ለቅሶዬ ላይ ሳቄ መጣ።

«አልመልስም፣ ውል ውል ነው» አልኩት።

«ኮፒው እኔ ጋ አለ። ያላንተ አሳየዋለሁ።»

«አሳያ።»

እንዲህ እየተባባልን ሦስት ዓመት። አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። እኔ ጋ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሰርግ ሲበዛ ሀርድ ዲስክ ይሞላል፣ ሲሞላ የድሮውን እናጠፋለን። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። የሸጋውን አራት ደቂቃ አጥፍቼ የማን እንደሆነ እንኳ የማላስታውሰውን ሰርግ ጭኜበታለሁ። ባገኘሁት ቁጥር ግን ፊቴን አኮሳትሬ «አልመልስም» እለዋለሁ።

በዚህ መሀል ኩላሊቱ ታመመ። ከዓመት በላይ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ዋለ። በዚህ በረመዳን ሐኪሞቹ ብዙም አይቆይም አሉን። እኔ ይህን ሰው እንዴት እንዲህ ዋሽቼው ይሂድ? ሄድኩና አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ሸጋው፣ የለኝም። ካጠፋሁት ቆየ» አልኩት።

ይራገማል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቀ ነው።

«እኔም የለኝም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸጋው ያን ጊዜም ቢሆን አላመነኝም፣ ልክም ነበር። ቤዛዊት አገሯ ከመግባቷ በፊት ቀረጻውን በሙሉ ትንሽ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረው። ፍተሻ እንዳትፈራ ብሎ ለልጅቷ አልነገራትም። «ለእናቴ ወተት ነው፣ አድርሺልኝ» ብቻ አላት። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ኤርፖርት ሚዛኑ ጋ ስትደርሱ ምን ይሆናል? ኪሎ በዛ። ሻንጣ መሬት ላይ ይከፈታል። ቤዚ እያለቀሰች ዕቃ ስታወጣ ከኋላዋ የተሰለፈች አንዲት የማታውቃት ሴት «እኔ ቦታ አለኝ፣ አምጪ» ብላ ቆርቆሮውን ተቀበለቻት። ቦሌ ሲደርሱ በሰው ብዛት ተጠፋፉ። ቤዚ ደውላ «ጋሼ ሸጋው፣ ይቅርታ፣ ወተቱ ጠፋብኝ» አለችው። እሱም «ወተት ነው፣ ምንም አይደለም» አላት። እንግዲህ አስቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ባዶ እጅ ሰዎች በዛቻ ስንጨራረስ ኖርን። እዚያ ሆስፒታል በሳቅ ስንሞት ነርሷ መጥታ ተቆጣችን።

በሚቀጥለው ዓርብ እዚሁ አቡ ሃሙር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆምኩ። ከቅዳሴ የምትወጣዋን ሴት ሁሉ «ከሦስት ዓመት በፊት ኤርፖርት ላይ ከምታለቅስ ልጅ የወተት ቆርቆሮ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ሳቃችሁብኝ። አንዳንዶቻችሁ «ሰውየው ጤናው ነው?» ብላችኋል፣ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ዓርብ ላይ አንዲት ሴት ወሬውን ሰምታ መጣች። ብርቅነሽ ትባላለች፣ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለች።

«ክዳኗ ሰማያዊ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ወተቱ ጊዜው አልፎበታል።»

ብርቅነሽ የቆርቆሮውን ባለቤት ስታጣ ወረታ ከተማ ወስዳ እናቷ ቤት ቁምሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች። ቤት ውስጥ አራስ ነበረች። ሕፃን ነበረ። ወተት የሚያስፈልግበት ቀን ነበረ። የሰው አደራ ነው ብለው ክዳኑን አልነኩትም። ሦስት ዓመት አቧራውን እየጠረጉ መልሰው አስቀመጡት። ብርቅነሽ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አመሰግንሻለሁ። ለእናትሽም ንገሪልኝ።

ከወረታ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዶሃ፣ በአራት ሰው ሻንጣ ተቀባብለው በአሥራ አንድ ቀን አመጡልኝ። ከዱቄቱ ውስጥ አውጥቼ አራገፍኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ተከፈተ። ቤዛዊት አለች፣ ወንበሩ አለ፣ እንቅልፉ አለ። ያን ጊዜ ነው እፎይ ያልኩት።

በማግሥቱ ሆስፒታል ስሄድ ያንን ውልም ይዤ ሄድኩ። «የስቱዲዮው ነው» የሚለውን እፊቱ ሰረዝኩና «የሸጋው ነው» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩበት። ከዚያ አራቱን ደቂቃ ከፈትኩለት። ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ሲያልቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይረዝማል» አለኝ። «መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ አውጣ።»

ሦስት ዓመት አኩርፎኝ፣ ጸጉሬን አሸብቶት፣ በር ላይ አስቁሞ የሰው መሳቂያ አድርጎኝ፣ ይረዝማል ይበለኝ? «አንድ ሰከንድ አልነካም» አልኩት። «ውሉን አሁን ፈርመሃል፣ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው» አለኝ። «አልነካም» አልኩ። «ግትር» አለኝ። ነርሷ ሁለተኛ አባረረችኝ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ግትር» የሚለው ነው። እየሳቀ ነው ያለው። ከዚህ የተሻለ ስንብት አልመኝም።

ግን አሁን ምን ላድርግ? አንድ ደቂቃ ባወጣ ቃሉን አከበርኩ ማለት ነው። ባላወጣ ደግሞ ያው የጥንቱ ስቱዲዮ ሆንኩ። ሳምንቱን በዚህ ስጨነቅ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለቤዛዊት ደወልኩላት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። አለቀሰችና «ጋሼ ሙስጠፋ፣ የተኛሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «አትቀስቅሱኝ።»

አለቀ። ዳይሬክተሩም ስቱዲዮውም ዝም ይበሉ። የመጨረሻው ኤዲት የተኛችው ሴት ነው።

አሁን መብራቱ ይጠፋና አራቱን ደቂቃ በሙሉ እናያለን። እናንተ ከኋላ የቆማችሁ እህቶቼ፣ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ስልካችሁ ቢጠራ ለአራት ደቂቃ ይጥራ። እንቅልፍ የመጣባት ካለች ትተኛ፣ ማንም አይታዘባትም።

ሸጋው፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ ዛሬም እንቢ አልኩህ። አንድ ሰከንድ አልቆረጥኩም። ማሽኑ የለም፣ መርፌው የለም፣ ጠዋት የሚጠብቅህ መኪና የለም። በል አንተም ተኛ። አንቀሰቅስህም።