የሲኞር ቤፔ ኮሸሽላ

በእኛ ጊዜ ሆዴን አመመኝ ያለ ሰው ኮሶ ጠጣ ይባል ነበር፤ ራሴን ያለም ኮሶ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ያለም ኮሶ። እኔ ወሬ አላበዛም፣ ታውቁኛላችሁ። ስለዚያ የኮሸሽላ ቅጠል ከጠየቃችሁኝ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ደርግ ነው። ዛሬ ይሄ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ላይ የቀበሌ ቤት ነበረን፤ እኔና ሚስቴ ዘነበች አንድ ክፍል፣ እትዬ አስካለ ከጎናችን፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ሲኞር ቤፔ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን። መካኒክ ነው። ሚስቱ የእኛው አገር ሰው ነበረች፤ ሞተችበት፣ እሱም አገሬ አልገባም ብሎ እዚሁ ልደታ ቀረ። አማርኛ ይችላል፣ ግን ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ነው የሚለው።

እና ይሄ ሰውዬ በራፉ ላይ ኮሸሽላ ይተክላል። እስቲ አስቡት፣ ሰው ኮሸሽላ ይነቅላል እንጂ ይተክላል? ቅጠሉ አመድማ፣ የተሰነጣጠቀ፤ ራሱ ቡጢ የሚያህል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ። ፍግ ያለብሰዋል፣ ውሃ ያጠጣዋል። ታዲያ አንድ ቀን ያንን ራስ ቆርጦ ሲቀቅል አየሁ። ቅርፊቱን እየነቀለ፣ ዘይት እያስነካ፣ በጥርሱ ፋቅ እያደረገ ይጥላል። ቆሜ ቆሜ፣ አላስችለኝ አለና ጠየቅሁት።

"ሲኞር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ካርቾፊ ነው" አለኝ። "ራሱ ምግብ፣ ቅጠሉ መድኃኒት። አንቺ ብዙ በልተሽ ሆድ ሲከብድሽ ትንሽ ትጠጪያለሽ። ለጉበትም ጥሩ ነው።"

ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። ፋሲካ መጣ፣ ጾም በከረመ ሆድ ላይ ዶሮውንም ሥጋውንም ጫንኩበት፣ እና በማግስቱ ሆዴ ድንጋይ ሆነ። ሄጄ ለመንኩት፤ ቅጠሉን አፍልቶ በስኒ ሰጠኝ። ግራዋ ነው፣ ግራዋ። መራራ ከሆነማ መድኃኒት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እና እንደ ኮሶ መስሎኝ፣ ከሥራ ቀርቼ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። እጠብቃለሁ። አስካለ በዚያ ስታልፍ "እህ፣ ሻረህ?" ትለኛለች፤ "ገና ነኝ" እላታለሁ። ምንም የለም። አገሣሁ፣ ሆዴ ቀለለኝ፣ ረሃብ ያዘኝ፤ በቃ ይሄው ነው። ቤፔ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲያ ግቢው ሁሉ ለመደው። በዓል በዋለ ማግስት ስኒ ይዞ ቤፔ በር ነው። ከሁሉ የወደደችው ደግሞ ዘነበች ናት።

ታዲያ ክረምት ላይ ዘነበችን ቀኝ ጎኗን ያዛት። ከበላች በኋላ ይቆርጣታል፣ ያስመልሳታል፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አስካለ አየቻትና "የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ እንዳይነካት፣ ከነካት ትሞታለች" አለች። ያኔ ሰው ይሄን እንደ ሃይማኖት ነው የያዘው። ሐኪም ቤት ማለት ደግሞ መርፌ ማለት ነው። ታዲያ ምን ቀረን? ለጉበት የተባለው ቅጠል። ሮጬ ቤፔ ጋ ሄድኩ።

መጣ። ዘነበችን ደጅ አውጥቶ በብርሃን ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየ፣ የት ጋ እንደሚያማት ጠየቃት፣ እና ፊቱ ተለወጠ። "ለእሷ አልሰጥም። ሐኪም ቤት" ብሎኝ ቤቱ ገባ።

እኔን ገረመኝ። አስካለ ግን አልገረማትም። ይሄማ የአዋቂ ጠባይ ነው አለችኝ። ልክ ናት፣ የእኛ መድኃኒት አዋቂ ሥሩን ሲምስ ሰው አያየውም፤ ስሙን ከተናገረ ይረክስበታል፣ ካልለመኑትና እጅ መንሻ ካላቀረቡለትም አይሰጥም። ባዶ እጄን ሄጄ ነው አልኩ። የዘነበችን ዶሮ ያዝኩና፣ ያቺን እንቁላል የምትጥለዋን፣ ሄጄ ከቤፔ እግር ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ያዘኝ።

"ተሰማ፣ እኔ መቼ ደበቅሁ?" አለኝ። "አባቴ ዓይኑ እንደዚህ ቢጫ ነበር። እናቴ ይሄን ቅጠል አጠጣችው፤ ባሰበት። ሆዱ ውስጥ ጠጠር፣ የሐሞት መንገድ ተዘግቷል። ይሄ ቅጠል ሐሞት ይገፋል። አንቺ ቧንቧ ተዘግቶ ከኋላ ስትገፊው ምን ይሆናል?"

"ይፈነዳል" አልኩት።

"የእሷ ጠጠር ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። ሐኪም ያያል።"

ዶሮዋን እዚያው ለቅቄ ተመለስኩና ለሁለቱም ነገርኳቸው። አስካለ አላመነችም፤ ሲደብቅ ነው አለች። ዘነበች ግን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች፣ "የሚደብቅ ሰው ስሙን አይናገርም። ይሄ ሰውዬ ገና በጠየቅከው ቀን ነግሮሃል። አንሡኝ" አለች።

"መርፌውስ?" አለች አስካለ።

"ከዚህ ሕመም መርፌው አይብስም።"

ቤንዚን ያኔ በኩፖን ነው፤ ቤፔ የቀረችውን አንጠፍጥፎ በትንሿ መኪናው ወሰደን። እዚያ መርፌው ሲመጣ አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ እኔም ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ዘነበች "አስካለ፣ ግለጪ፣ አልሞትኩም" ስትል ሰማን። ጠጠር ነበር። ቀደው አወጡላት። ቅጠሉን ብናጠጣትስ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ "እንኳን ተዋችሁት" አለኝ።

አሁን እናንተ መድኃኒት ነው አይደለም ትሉኛላችሁ። ለእኔ ሆድ መድኃኒት ነበር። ለእሷ የሐሞቱ መንገድ ዝግ ነበር። እኔ ሌላ አላውቅም።

ዘነበች ደግሞ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል።

"የዶሮዋን ነገር ጨርሰዋ፣ ተሰማ" አለች። "ልጆች፣ ከሞት ተርፌ ቤቴ ስገባ፣ ዶሮዬ ከዚያ ኮሸሽላ ሥር ስትጭር አላገኛትም? 'ሲኞር፣ ዶሮዬን' ብለው፣ በሩ ላይ እንደቆመ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ይቺንም ለአንቺ አልሰጥም፤ ሐኪሙ ቅባት ከልክሏል።'"